ከፎርማት በፊት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮምፒውተር ሲታመም የሚታዘዝለት መድኃኒት አንድ ነው፤ ያለውን ሁሉ ደምስሶ እንደ አዲስ መጫን። ፎርማት። ቀርፋፋ ሆነ? ፎርማት ይደረግ። ኢንተርኔት እምቢ አለ? ፎርማት ነው እንጂ ሌላ ምን አለው። ድምፅ ጠፋ? እሱም ያው። ሆዱን የታመመውም፣ ራሱን የታመመውም፣ እግሩ የተሰበረውም አንድ ጠበል እንደሚላኩት ነው። ልዩነቱ፣ ከጠበል የተመለሰ ሰው የልጆቹን ስም አይረሳም።

ይህን የምለው ሌላውን ለማማት አይደለም። እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ፎርማት ሳደርግ ኖሬያለሁ። እንጀራዬ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ጠባብ ሱቅ ተከራይተን እንሠራ ነበር። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው፤ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል። ጣታችን ደርቆ ብሎን መፍታት ሲያቅተን የሻይ ብርጭቆ አቅፈን እንቆይና እንደገና እንጀምራለን።

አሠራራችን ቀላል ነበር። ኮምፒውተሩ ይመጣል። «ምን ሆነ?» እንላለን። መልሱን ግን አንሰማም። ዲቪዲ እንከትና ዊንዶውስ 7 እንጭናለን። ደንበኛው ማሽኑ ሲፈጥንለት «እጃችሁ ይባረክ» ብሎ ይሄዳል። አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ መቼም ይፈጥናል። ለሁለት ሳምንት።

አንድ ቀን ጋሼ መጡ። የሰፈራችን ጡረተኛ መምህር ናቸው። እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው ማለት እችላለሁ፤ አንደኛ ክፍል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ኮምፒውተራቸውን በጋሪ ጭነው ነው ያመጡት። በጋቢ ጠቅልለውታል። ብርድ እንዳይመታው ይሁን መንገዱ እንዳያንገጫግጨው እንጃ።

«ምን ሆነብዎት ጋሼ?»

«ይነሣና ይተኛል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ድርግም። እንደኔ አርጅቷል መሰለኝ።»

«ፎርማት ነው የሚፈልገው። ውስጡ የሚፈልጉት ነገር አለ?»

«ያለኝ ሁሉ እዚያው አይደል እንዴ ልጄ!»

«የት ነው ያስቀመጡት?»

«ፊት ለፊት ነዋ። ስከፍተው የሚታየው ላይ።»

ይህን መልስ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ዛሬም ድረስ ድምፃቸው ይመጣብኛል። ግን ያን ጊዜ አላዳመጥኩትም። ዲ ድራይቭን፣ የዲስኩን አንዱን ክፍል፣ ከፈትኩ። ፊልም ሞልቷል፤ የልጅ ልጆቻቸው የጫኑት የትግል ፊልም፣ ካርቱን፣ መዝሙር። «ይኸው ዕቃቸው ዲ ላይ ነው፣ ዲን አልነካም» አልኩ። ዊንዶውስ ያለበትን ክፍል፣ ሲን፣ ፎርማት አደረግኩ። አንድም የትግል ፊልም አልጠፋም።

በማግስቱ ጠዋት ተመልሰው መጡ። ኮምፒውተሩን ሳይይዙ። በር ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ ፊት ለፊት የነበረው የለም» አሉኝ።

ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የዘር ሐረግ ሲሰበስቡ ኖረዋል። ትውልዳቸው መንዝ ነው። በአውቶብስ መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ እየወጡ፣ ከማማ ምድር ከላሎ ምድር ከጌራ ምድር ሽማግሌ እያፈላለጉ፣ ማን ማንን ወለደ ሲሉ ከርመዋል። ሰባት ቤት ድረስ። ጋብቻ የሚያስተሳስረውን፣ ርስት ያጣላውን፣ ወደ ይፋትና ወደ ቡልጋ የወረደውን ሁሉ። ማታ ማታ በሁለት ጣት ሲተይቡት ኖረዋል። አንድ ፎልደር ነበር። ዴስክቶፕ ላይ።

ቢቆጡኝ ደስ ባለኝ። አልተቆጡም። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጠፉ። «የነገሩኝ ሰዎች ግማሾቹ ሞተዋል» አሉ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው «ሻይ አላችሁ?» አሉ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ፤ ስንቱ ሰው በዚሁ ጉድጓድ ሲወድቅ ስላየሁ። ዴስክቶፕ ማለት የኮምፒውተሩ ግንባር ይመስላል። ከሁሉም ውጭ፣ ከሲም ከዲም የራቀ፣ የራሱ ቦታ ያለው ይመስላል። እሱ ግን ተራ ፎልደር ነው። የሚገኘውም ሲ ድራይቭ ውስጥ ነው። ሲን ክፈቱ፣ «ዩዘርስ» የሚለውን ክፈቱ፣ የእናንተን ስም ክፈቱ። «ዴስክቶፕ»፣ «ዶኪዩመንትስ»፣ «ፒክቸርስ»፣ «ዳውንሎድስ» እዚያ ተሰልፈው ታገኟቸዋላችሁ። ሲ ፎርማት ሲደረግ አራቱም አብረው ይሄዳሉ። «ዲ ላይ ያለው አይነካም» የሚላችሁ ጠጋኝ እውነቱን ነው። ግን አብዛኛው ሰው ዲ ላይ የሚያስቀምጠው ፊልም ነው። ነፍሱን የሚያስቀምጠው ዴስክቶፕ ላይ ነው።

ቦታውን መቀየርም ይቻላል። ዲ ላይ አዲስ ፎልደር ክፈቱ። ከዚያ ዩዘርስ ውስጥ ያለውን የዴስክቶፕ ፎልደር በማውሱ ቀኝ ተጫኑ፣ «ፕሮፐርቲስ» በሉ፣ «ሎኬሽን» የሚለው ገጽ ላይ «ሙቭ» አለ። አዲሱን ፎልደር አሳዩት። ፊት ለፊት የምታዩት ነገር ሁሉ ከዚያ በኋላ ዲ ላይ ይኖራል። ግን አትታለሉ፤ ሲና ዲ ብዙ ጊዜ የአንድ ሃርድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው። በአንድ ቤት መሀል ግድግዳ እንደማቆም ነው። ቤቱ ሲቃጠል ግድግዳው አያድንም።

የጠፋ ነገር ይመለሳል ወይ የሚል አለ። አንዳንዴ አዎ። ኮምፒውተር ፋይል ሲያጠፋ መጀመሪያ የሚያደርገው ቦታው ነፃ ነው ብሎ ምልክት ማድረግ ነው። ጽሑፉ ራሱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ዲስኩ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ፋይል ሲጠፋባችሁ የመጀመሪያው ሥራ እጅን ማንሣት ነው። ፊልም አትጫኑ፣ ኢንተርኔት አትክፈቱ፣ ማስመለሻውን ፕሮግራም ራሱ እዚያው ዲስክ ላይ አትጫኑት። ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ እንደ ሬኩቫ ባለ ፕሮግራም መሞከር ነው። ኤስኤስዲ በሚባሉት አዲሶቹ ዲስኮች ላይ ግን ዕድሉ ጠባብ ነው፤ እነሱ ነፃ የተባለውን ቦታ ራሳቸው ቶሎ ያጸዱታል። የጋሼ የድሮው ሃርድ ዲስክ ነበር። እኔ ግን ላዩ ላይ ሙሉ ዊንዶውስ፣ ኦፊስና አንቲቫይረስ ጭኜበታለሁ። ሦስት ሌሊት ሞክሬ ያገኘሁት የመዝሙር ቅጂዎችንና ግማሹ የተቆረጠ የጥምቀት ፎቶ ነው።

የሚያንገበግበው ደግሞ ይኸ ነው። በሳምንቱ ኮምፒውተሩ እንደገና መጣ። በዚያው ጋሪ፣ በዚያው ጋቢ። ይነሣና ይተኛል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ድርግም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳጥኑን ከፈትኩት። የፕሮሰሰሩ፣ የማሽኑ አንጎል፣ ማቀዝቀዣ ፋን የሚታይ አልነበረም። በእሱ ቦታ ግራጫ ባዘቶ የመሰለ ነገር ተቀምጧል። የአቧራና የሱፍ ድብልቅ። የጋሼ ቤት እንደ ብዙው የሰፈራችን ቤት ነው፤ አልጋው ላይ የመንዝ ባና፣ በላዩ ብርድ ልብስ፣ ወንበሩ ላይ ጋቢ። ባለቤታቸው እትዬ ደግሞ ንጹሕ ሰው ናቸው፤ ኮምፒውተሩ አቧራ እንዳይጠጣ ብለው ከላይ እስከ ታች የሚያለብሱት ዳንቴል ሠርተውለታል። እየሠራም ይለብሰዋል። ማሽኑ ታፍኖ ይሞቃል። ፕሮሰሰሩ ሲግል እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። የተሠራው እንዲያ እንዲያደርግ ነው። በሽታ አልነበረበትም ማለት ነው። ብርድ አገር ሆኖ ሙቀት ነበር የገደለው።

ፋኑን በቀለም ብሩሽ ጠረግኩት። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። እስካሁን ተኝቶ አያውቅም።

እና ያ ሁሉ ሰባት ቤት የጠፋው ለሃያ ደቂቃ የብሩሽ ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ ሱቁ ብዙም አልቆየም፤ እኔም አዲስ አበባ ገባሁ። 130 ኪሎ ሜትር ርቀት ግን ከዚህ ሥራ አያስጥልም። ዘመድ ይደውላል። ጎረቤት ይደውላል። «አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ አይደል» ብሎ የሚጀምር ስልክ መቼም አጭር አይሆንም። አሁን ግን አንድ ነገር ለምጃለሁ። ማንም ፎርማት የሚለውን ቃል ሲያነሣ «ቆይ፣ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን በስልክህ ፎቶ አንሥተህ በቴሌግራም ላክልኝ» እላለሁ። «እንግሊዝኛ ነገር ነው የሚለው» ከሚል ገለጻ ፎቶው ይሻላል።

እህቴ ደብረ ሲና ነች። አንድ ቀን ደወለች። «ኢንተርኔቱ ተበላሸ። ሁሉም ድረ ገጽ አደገኛ ነው ይለኛል። ቫይረስ ነው ብለውኛል፣ ፎርማት ላስደርገው ነው።» ፎቶ ላኪ አልኳት። ቀዩን ማስጠንቀቂያ አየሁት። ከዚያ ዓይኔ ወደ ታች፣ ወደ ቀኙ ጥግ ሄደ። ሰዓቱ 3:15 ይላል። ከጠዋቱ። ዓመቱ 2016።

«ሰዓቱን የነካው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ተሳስቶ ስለነበር አስተካከልኩት።»

በእኛ አቆጣጠር አስተካክላዋለች! በፈረንጆቹ 2024 ነበር፣ ጠዋት 9 ሰዓት ከሩብ። ለእሷ 2016 ነው፣ 3 ሰዓት ከሩብ ነው። ልክ ነች። ኮምፒውተሩ ግን የኛን ባሕረ ሐሳብ አልተማረም። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የተመለሰ መሰለው።

ይህ ከኢንተርኔት ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። እያንዳንዱ ደኅንነቱ የተጠበቀ ድረ ገጽ እንደ መታወቂያ ያለ ሰርተፍኬት አለው። የተሰጠበት ቀንና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ዕድሜው ከአንድ ዓመት ብዙም አይዘልም። ኮምፒውተራችሁ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ መታወቂያውን ያያል፣ የራሱን ሰዓት ያያል። ዘበኛው ዛሬ 2016 ነው ብሎ ካመነ፣ በ2024 የተሰጠ መታወቂያ ይዞ የመጣውን ሁሉ «ይህ ገና አልወጣም፣ ሐሰተኛ ነህ» ብሎ ይመልሳል። ባንኩንም፣ ኢሜይሉንም፣ ዩቲዩቡንም። አንድም የተበላሸ ነገር የለም። ዘበኛው ነው ቀን የጠፋበት።

መፍትሔው ሰዓቱን በፈረንጆቹ ማድረግና «ሴት ታይም ኦቶማቲካሊ» የሚለውን ማብራት ነው። የሰዓት ቀጠናው ከግሪኒች ሦስት ሰዓት የሚቀድመው ነው። ዊንዶውስ ዝርዝር ላይ አዲስ አበባን አትፈልጉ፣ ናይሮቢ በሚለው ስም ነው የተቀመጥነው። የኛን ቀን ማየት የፈለገ ግድግዳው ላይ ካሌንደር ይስቀል፣ ወይም ስልኩ ላይ የኢትዮጵያ ካሌንደር ይጫን። የኮምፒውተሩን ሰዓት ግን አይንካ። እህቴ ይህን ስነግራት «ታዲያ ለምን እነሱ በኛ አያስተካክሉም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ማንም ሳይነካው ሰዓቱ የሚሸሽ ከሆነ ግን፣ በተለይ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ወደ አንድ የድሮ ዓመት ጥር ወር የሚመለስ ከሆነ፣ ባትሪ ነው። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ውስጥ፣ ማዘርቦርድ በሚባለው ዋና ሰሌዳ ላይ፣ ሳንቲም የመሰለች ባትሪ አለች። ሲአር 2032 ትባላለች። 20 ማለት ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ 32 ማለት ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። 3 ቮልት ናት። ሰዓት ሠሪዎች ጋ ትገኛለች። የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቅሎ፣ በጥፍር አስፈንጥሮ አውጥቶ፣ የመደመር ምልክቱን ወደ ላይ አድርጎ መተካት ነው። እዚህ አገር ለዚህች ባትሪ ሲባል ስንት ኮምፒውተር ፎርማት እንደተደረገ እግዜር ይቁጠረው።

ላጲሱን ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ኮምፒውተሩ ሲበራ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ጢጥ ጢጥ ካለ ብዙ ጊዜ ራሙ፣ የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ነው። ገመዱን ንቀሉ። ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑት፣ የቀረ ኃይል ይውጣ። የሳጥኑን ብረት በእጃችሁ ንኩ። ራሙን ከሁለቱ ጆሮዎቹ ፈልቅቃችሁ አውጡት። ወርቅማ ጥርሶቹን በንጹሕ ነጭ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ሁለቱንም ጎን አሹ። ጥቁር ነገር ላጲሱ ላይ ሲወጣ ታያላችሁ። ፍርፋሪውን ጥረጉና መልሱት፤ ሁለቱም ጆሮ ጠቅ እስኪል። የአንደኛ ክፍል ተማሪ ቦርሳ ውስጥ ባለ ዕቃ የሚድን በሽታ ነው።

ፓኬጅ ቶሎ አለቀ የሚለውም ሁልጊዜ ቫይረስ አይደለም። በስልክ ሆትስፖት የምትጠቀሙ ከሆነ ኮምፒውተሩ ያንን ገደብ የለሽ ኢንተርኔት ነው ብሎ ያስባል። ሌሊት ተኝታችሁ እሱ ዝማኔ ያወርዳል። ከዋይፋዩ ስም ሥር ፕሮፐርቲስ ገብታችሁ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩት፣ ቁጥብ ይሆናል። ቴሌግራም ላይም ፎቶና ቪዲዮ በራሱ ማውረዱን አጥፉ። ይኸው ነው።

ዊንዶውስ 10 ያላችሁ በየቀኑ ትጠይቁኛላችሁና አንድ ነገር ልበል። ማይክሮሶፍት ለእሱ መደበኛ ድጋፍ መስጠት ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ዊንዶውስ 7 ደግሞ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው ያበቃለት። ድጋፍ ቆመ ማለት ኮምፒውተሩ ቆመ ማለት አይደለም፤ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንለት የለም ማለት ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ለሁሉም ማሽን አይሆንም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል፣ የኢንቴል ከሆነ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። «ፎርማት አድርጌ 11 እጭንልሃለሁ» የሚላችሁ ሰው ይህን አይቶ እንደሆነ ጠይቁት። አሮጌ ማሽን ለመጻፍና ለማተም አሁንም ይሆናል። የባንክ ሥራ ባይሠሩበት ግን እመርጣለሁ።

ወደ ጋሼ ልመለስ።

ከዓመት በኋላ ይመስለኛል፣ ለፋሲካ ስመጣ አስጠሩኝ። ቡና ተፈልቷል። እትዬ ሲያዩኝ «ና ግባ፣ ዳንቴሉን አውልቄዋለሁ» አሉኝ። ጋሼ ከመሳቢያ አንዲት ፍላሽ አወጡ። «ይህችን ኮፒ ቤት ለማተም ይዣት ሄጄ ነበር፣ ረስቻት ኖሮ። ኮፒ ቤቱ ልጅ ግን ቫይረስ በልቷታል፣ ፎርማት ካልተደረገች ዋጋ የላትም አለኝ። እኔ ደግሞ ያችን ቃል ስሰማ ኪሴ ከተትኳት።»

ሰካኋት። እውነትም ፎልደሩ የለም፤ ሾርትከት፣ ወደ ሌላ ፋይል የምትጠቁም ምልክት፣ ብቻ ነው ያለው። ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ያለባት፣ መጠኗ 1 ወይም 2 ኪሎባይት የሆነች። ይህን የማያውቅ የኮፒ ቤት ደንበኛ የለም። የዚህ ቫይረስ ሥራ ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው መብላት አይደለም። መደበቅ ነው። እውነተኛውን ፎልደር ይደብቀዋል፣ በእሱ ስም የውሸት ሾርትከት ያስቀምጣል፣ እናንተ ስትከፍቱት ቫይረሱን ራሳችሁ ታስነሡታላችሁ። ፋይሉ ግን እዚያው ፍላሽ ውስጥ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ፎርማት ስታደርጉት ነው የሚሞተው።

ስለዚህ ሾርትከቱን አልነካሁትም። የፎልደር ማሳያው አማራጭ ውስጥ ገብቼ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን አበራሁ። ከእሱ በታች «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» የሚል አለ፤ የሱን ምልክት አነሣሁ። ብዙ ሰው ይህችን ሁለተኛዋን ስለሚረሳ ነው የለም ብሎ የሚሄደው። የደበዘዘ መልክ ያለው ፎልደር ብቅ አለ። ውስጡ ሁለት የወርድ ፋይል። የሚያስፈልገኝ እነዚያ ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ ገልብጬ አወጣኋቸው። ከዚያ በኋላ ፍላሿም ኮምፒውተሩም በአንቲቫይረስ ይታጠቡ፣ ፍላሿ ፎርማት ትደረግ ከተባለም ትደረግ። ባዶ ዕቃ ማጠብ ማንንም አይጎዳም።

ፋይሉን ከፈትኩት። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ አሉ። ስክሪኑ ላይ የወጣው የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ሰረዝ የተዘባረቀበት ነገር ነው። አንድም የሚነበብ ቃል የለም።

«በቃ በልቶታል» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

ይህን ያየ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። እኔም ያን ጊዜ ሱቅ ውስጥ ብሆን ያንኑ ነበር የምለው። ግን የጽሑፉን ቅርጽ አየሁት። አንቀጾቹ በሥርዓት ተቀምጠዋል። የተበላሸ ፋይል አንቀጽ አያውቅም። የድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች፣ ለዓለም ፊደል ሁሉ የየራሱን ቁጥር የሚሰጠውን ዩኒኮድን የማይከተሉት፣ የሚሠሩት በማታለል ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደል ቁጥር ነው፤ ፎንቱ ግን በላዩ ላይ የ«ሀ»ንና የ«ለ»ን ሥዕል ያለብሰዋል። ልብሱ ሲወልቅ ላቲኑ ራቁቱን ይቀራል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ የየቤቱ ኮምፒውተር ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት በድሮው መንገድ ሲጽፍ ኖሯል። የጋሼን ፎንት ያጠፋው ማነው? እኔው ነኝ። ሲን ፎርማት ሳደርግ አብሮ ሄዷል።

አዲስ አበባ ለሚኖር ጓደኛዬ ደወልኩና ፎንቱን በቴሌግራም ላከልኝ። ፎንቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተጫንኩ። «ኢንስቶል» አልኩት። ወርድን ዘግቼ ከፈትኩት።

ጋሼ አላወሩም። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አስነክተው ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር አወረዱት። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። አንዱ ስም ጋ ሲደርሱ ቆሙ። «እሳቸው ናቸው» አሉ፣ «አምና ነው ያረፉት። ይህን የነገሩኝ ሞላሌ ገበያ ዳር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነው።»

ሙሉ አልነበረም። የማማው ወገን ነው የተገኘው፤ የላሎና የጌራው የለም። እሱን ከትዝታቸውና ከአንድ አሮጌ ደብተር ላይ ሲሞሉ ሁለት ክረምት ፈጅቶባቸዋል። አሁን በዩኒኮድ ነው የሚጽፉት። አንዱ ቅጂ ኮምፒውተሩ ላይ አለ። አንዱ ፍላሽ ላይ ሆኖ አዲስ አበባ ልጃቸው ቤት ተቀምጧል። አንዱ ቴሌግራም ላይ፣ ለራስ መልእክት በሚላክበት «ሴቭድ መሴጅስ» ውስጥ። እስከ 2 ጊጋባይት የሆነ ፋይል ይቀበላልና ለእንዲህ ያለው ነገር በቂ ነው። የመታወቂያና የባንክ ወረቀት ግን እዚያ አታስቀምጡ፤ ስልካችሁን ወይም አካውንታችሁን ያገኘ ሰው ሁሉ ያገኘዋል። አራተኛው ቅጂ በወረቀት ታትሞ እትዬ ሣጥን ውስጥ፣ ከነጠላው ሥር ነው። እኔ ከሁሉም የማምነው እሱን ነው።

ባለፈው ጥምቀት ሄጄ ነበር። ኮምፒውተሩ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ዳንቴሉ ታጥፎ ከጎኑ ተቀምጧል። የሳጥኑ ጎን ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አየሁ። የጋሼ የእጅ ጽሕፈት ነው፤ ያው ፊደል ያስቆጠሩኝ የእጅ ጽሕፈት። የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ የሚጻፈውን ነው የጻፉት።

«ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ይኩን።»

የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ከሥሩ አነስ አድርገው በአማርኛ አንድ መስመር ጨምረዋል።

«ዴስክቶፑን ሳያይ።»